የሚስጥር ቁጥር እንዴት ይመረጣል?

(ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

በቆቦ ከተማ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በአራዱም፣ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ደብተራችሁን አቅርቡ። እርሳስም ያዙ። ዛሬ ፊደልና ቁጥር አብረው ይሠራሉ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሚስጥር ቁጥር ነው። ልጆቻችን «ፒን» ወይም «ፓስወርድ» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በስልክ ወይም በባንክ ያለውን ገንዘባችሁን የሚከፍት፣ እናንተ ብቻ ልታውቁት የሚገባ ቁጥር ነው።

ድሮ ሰው ቃሉን የሚያጸናው በማኅተም ነበር። ሹሙ በማኅተሙ፣ ማኅተም የሌለው በአውራ ጣቱ። ውል ሲዋዋል፣ ብድር ሲበደር፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሪቱ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ስሙን መጻፍ የተማረ ሰው በጣቱ ፈንታ በእጁ ጽሑፍ መፈረም ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ጣትም ሆነ ፊርማ ሰውየው ራሱ ቆሞ የሚያደርገው ነው። ተቀባዩ ፊቱን ያየዋል፤ «የእገሌ ልጅ ነህ አይደል?» ይለዋል።

ስልክ ግን ፊት አያይም። የማን ልጅ እንደሆናችሁም አይጠይቅም። ስልኩ የሚያውቀው የተነካው ቁጥር ልክ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ብቻ ነው። ቁጥሩን በትክክል የነካ ሰው ሁሉ ለስልኩ ባለቤት ነው። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥር የዛሬ ማኅተማችሁ ነው ማለት ይቻላል። ማኅተሙን ለሌላ የሰጠ ሰው ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ።

ይህ ነገር ወደ እኛ አገር የመጣው በቅርብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ ኤምፔሳን በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. አመጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ብር የሚባል አለው። አሁን በቆላው በኩል ሽንኩርት የሚገዛ ነጋዴ ማሳ ድረስ መጥቶ «በስልክ ልላክልዎት?» ይላል። አረብ አገር ያለ ልጅ የላከው ገንዘብም መጨረሻው ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ ነው። ልጁ ያንን ገንዘብ እንዴት እንዳገኘው፣ ስንት ወር እንደሠራበት እናቱ ታውቀዋለች። የዓመት ልፋት በ6 ነጠላ ቁጥሮች ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። ቴሌብር 6 ቁጥር ይጠይቃል። የባንክ ካርድ ብዙውን ጊዜ 4 ይጠይቃል።

እንግዲህ 4 ቁጥር ምን ያህል ይጠብቃል? እስኪ እናስላ። አንድ ነጠላ ቁጥር ከ0 እስከ 9 ድረስ 10 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለት ከሆኑ 100 ዓይነት ናቸው። ሦስት ከሆኑ 1,000። አራት ከሆኑ 10,000። ስድስት ሲሆኑ ደግሞ 1,000,000፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን። ሌባ ስልካችሁን ቢያገኝና አንድ በአንድ ልሞክር ቢል ዘመኑ አይበቃውም። በዚያ ላይ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳተ አገልግሎቱ ይቆለፍበታል።

ታዲያ ሰው እንዴት ይሰረቃል? ሌባው አንድ ሚሊዮኑን ሁሉ አይሞክርማ! እሱ የሚሞክረው ሰው ሁሉ የሚመርጣቸውን ጥቂቶቹን ነው። የመጀመሪያው 1234 ነው። ሁለተኛው 1111 ነው። ከዚያ 0000። ስድስት ከተጠየቀ 123456። ኒክ ቤሪ የተባለ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. 3.4 ሚሊዮን ያህል ባለ 4 ቁጥር ሚስጥሮችን መርምሮ ነበር። በመቶ ስንት ሰው 1234ን እንደመረጠ ታውቃላችሁ? ከ10 በላይ። 1111ን የመረጡት ደግሞ በመቶ 6 ያህል ናቸው። ማለትም እነዚህን ሁለቱን ብቻ የሞከረ ሌባ ከ100 ስልክ 16 ያህሉን ሊከፍት ይችላል። ይኸው ሰው በ19 የሚጀምሩ የዓመተ ምሕረት ቁጥሮችም እጅግ ብዙ ሆነው አግኝቷቸዋል። ሰው የተወለደበትን ዓመት ይወዳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የእኛን አገር ሰው የሚያጠቃው ይኸኛው ነውና። የተወለዳችሁበት ዓመት መታወቂያችሁ ላይ ተጽፏል። መታወቂያውና ስልኩ በአንድ ኪስ ከተቀመጡ ሌባው ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል። የሠርግ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት ያውቀዋል። በወሎ ደግሞ 1977ን የሚረሳ ሽማግሌ የለም። ያ ድርቅ፣ ያ የኮረም መጠለያ፣ ከአእምሮ አይጠፋም። ስለማይጠፋም ሰው «1977 አይረሳኝም» ብሎ ይመርጠዋል። እናንተ የማትረሱትን ግን ጎረቤታችሁም አይረሳውም። 1966ም እንደዚሁ ነው። የስልካችሁን የመጨረሻ ቁጥሮችም ተዉአቸው፤ ስልኩን ያገኘ ሰው ቁጥሩን ማወቅ አይከብደውም። 2580ም አለ። ይህ ደግሞ በስልኩ ቁልፎች መካከል ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ሲወርዱ የሚመጣ ነው። ጣት ይወደዋል፤ ሌባም ያውቀዋል።

አሁን የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ይታየኛል። «መምህር፣ ሌላ ቁጥር ብመርጥ እረሳዋለሁ። አርጅቻለሁ።» ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚስጥር ቁጥር 4 ብቻ እንዲሆን ያደረገውም ይኸው ጥያቄ ነው ይባላል። ጆን ሸፐርድ ባረን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የእሱ ገንዘብ ከፋይ መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በሰኔ 1967 በለንደን ኤንፊልድ በሚገኝ የባርክሌይስ ባንክ ቅርንጫፍ ተተከለ። ሰውየው ኋላ እንደተናገረው በመጀመሪያ ያሰበው 6 ቁጥር ነበር፤ የወታደርነት ቁጥሩን ያስታውስ ስለነበረ። ማእድ ቤት ተቀምጠው ለሚስቱ ቢያማክራት «እኔ ከ4 በላይ ማስታወስ አልችልም» አለችው። በዚህም ምክንያት 4 ሆነ አለ። እንግዲህ እንግሊዝ አገርም ሰው ይረሳል። አታፍሩ።

ደግሞስ እውነት የማስታወስ ችሎታችሁ ደክሟል? እኔ ይህን አልቀበልም። በክፍሌ የሚማሩ ሕፃናት ትናንት የጻፉትን ዛሬ ይረሳሉ። እናንተ ግን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። የዛሬ 30 ዓመት የተሸጠን በሬ በቀለሙ፣ በቀንዱ አወጣጥ፣ በዋጋው ታስታውሳላችሁ። ማን ስንት ቁና ማሽላ ተበድሮ ስንት እንደመለሰ ታውቃላችሁ። የሚረሳው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። 830295 ብዬ ብነግራችሁ እስከ ማታ አይቆይም። ስለዚህ ከትርጉም ተነስተን ወደ ቁጥር እንሂድ። መንገዱንም ቀድማችሁ ተምራችሁታል። ፊደል ነው።

ፊደላችን ሰባት ቤት አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። እያንዳንዱን ቤት በቁጥር እንጥራው፦

በ 1፣ ቡ 2፣ ቢ 3፣ ባ 4፣ ቤ 5፣ ብ 6፣ ቦ 7።

ለ ቢሆን፣ መ ቢሆን፣ ገ ቢሆን ያው ነው። ለ 1፣ ሉ 2፣ ሊ 3፣ ላ 4፣ ሌ 5፣ ል 6፣ ሎ 7። አሁን አንድ ቃል እንውሰድና ፊደሎቹን በየቤታቸው ቁጥር እንተካ። የማሽላ ዘር ስም ይሁን፤ ጅጉርቲ እንበል። ጻፉት። ጅ ስንተኛ ቤት ነው? ጀ፣ ጁ፣ ጂ፣ ጃ፣ ጄ፣ ጅ፤ 6ኛ። ጉ 2ኛ ነው። ር 6ኛ ነው። ቲ 3ኛ ነው። ስለዚህ ጅጉርቲ 6263 ሆነ። ባለ 4 ቁጥር ሚስጥር ይኸውላችሁ። ቁጥሩን መያዝ አይጠበቅባችሁም። ቃሉን ከያዛችሁ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከፊደሉ ታወጡታላችሁ።

ለ6 ቁጥር ደግሞ ባለ 6 ፊደል ነገር እንፈልግ። አንዲት እናት በጋብቻዋ ጊዜ አማቷ የሰጧት ዳልቻ ጊደር ነበረች እንበል። «ዳልቻ ጊደር» ብላችሁ ጻፉ። ዳ 4፣ ል 6፣ ቻ 4፣ ጊ 3፣ ደ 1፣ ር 6። አንድ ላይ 464316። ይህን ቁጥር ከ1234 ጋር አስተያዩት። ሌባው ከየት ያመጣዋል? እናቲቱ ግን ጊደሯን መቼም አትረሳትም።

ጊደሯ የእኔ ምሳሌ ናት። በሬዲዮ የተነገረ ሚስጥር የለምና 464316ንም 6263ንም እንዳትወስዷቸው። የራሳችሁን ፈልጉ። ስትፈልጉም በሰው ፊት ደጋግማችሁ የማታወሩትን ነገር ምረጡ። የልጅ ስም፣ የሰፈር ስም፣ የታቦት ወይም የመስጊድ ስም አይሁን። የልጃችሁን ስም መንደሩ ሁሉ ይጠራዋል። ቆቦ እንኳ በዚህ አቆጣጠር ስንት እንደሚሆን እዩ፤ ቆ 7፣ ቦ 7፣ 77 ነው! የድርቁ ዓመት መሆኑ ያስገርማል። ግን ቆቦ ቆቦ ብሎ 7777 ማለት 1111 ከማለት አይለይም።

በዚህ መንገድ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አጻጻፋችሁ አንድ ዓይነት ይሁን። «ውሃ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ሀ» ሌላው በ«ሃ» ይጽፈዋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ቤቱ ግን 1ኛና 4ኛ ነው። «አ» እና «ኣ»ም እንደዚያው ናቸው። «ው» እና «ዉ»ም ብዙ ሰው ያምታታሉ። እንዲህ ዓይነት ፊደል ያለበትን ቃል መተው ይሻላል። እንደ ጓ፣ ቋ፣ ሏ ያሉት ከሰባቱ ቤት ውጭ ስለሆኑ 8 ብላችሁ ቁጠሯቸው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሰባት ቤት ብቻ ስላለ 8፣ 9 እና 0 ብዙ ጊዜ አይመጡም። ስለዚህ 6 ፊደል ከሚሰጠው ከሚሊዮኑ ውስጥ 117,649ኙን ብቻ ነው። ሌባው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሞክር ከሆነ ይህም በቂ ነው። ቢሆንም ማጠናከር የሚፈልግ ሰው ባለ 4 ፊደል ቃል ይያዝና ሁለት የራሱን ቁጥር ይጨምርበት። ለምሳሌ ጅጉርቲ ካለ በኋላ ያን ዓመት ያገኘውን ኩንታል፣ 09 ብሎ ቢጨምር 626309 ይሆናል።

ቁጥሩ ከተመረጠ በኋላ ጣት ይለማመደው። ባለ ቁልፍ ስልክ ያላችሁ፣ 5 ቁጥር ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ትንሽ ጉብታ ይሰማችኋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከእሱ በላይ 2 አለ፤ ከእሱ በታች 8 አለ፤ ግራው 4፣ ቀኙ 6 ነው። ዓይናችሁ የደከመ፣ መነጽር የሌላችሁ፣ ከዚህች ጉብታ ተነስታችሁ ሁሉንም በዳበሳ ታገኛላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀሪ ሒሳባችሁን በማየት ቁጥሩን ደጋግሙት። ሳምንት ሳይሞላ ጣት ራሱ ያውቀዋል። በኮከብ 127 መሰላል ብላችሁ የምትገቡ ግን ልብ በሉ፤ የምትጽፉት ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሊታይ ይችላል። ሰው በጀርባችሁ ቆሞ ከሆነ ጋቢያችሁን ወይም ነጠላችሁን ጣል አድርጉበት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ጥሩ ቁጥር መርጦ ለሰው መናገር በርን ቆልፎ ቁልፉን ደጃፍ እንደመተው ነው። በወኪል ሱቅ አንድ ወጣት «እማማ፣ ላግዝዎት» ይላል። ጨዋ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ጨዋ ናቸው። ስልኩን ይቀበላል፣ «ቁጥርዎት ስንት ነው?» ይላል፣ እናታችን ጮክ ብላ ትነግረዋለች። ሱቁ ውስጥ አምስት ሰው አለ። ወኪል የእናንተን ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም። ገንዘብ ስታወጡም ቁጥሩን የምትነኩት ራሳችሁ ናችሁ። «ስልኩን ስጠኝ፣ እኔ እነካዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም።

የቤት ውስጡ ግን ከዚህ ይከብዳል። «ልጄን ካላመንሁ ማንን ላምን ነው? ለወንድሜ ልጅ አልነግርህም ብዬ ምን ፊት ይኖረኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። በእኛ አገር መከልከል ሰውን እንደመስደብ ይቆጠራል። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ነው የማየው። ቁጥሩን ሦስት ሰው ያውቀዋል እንበል። አንድ ቀን 4,000 ብር ጠፋ። ማን ወሰደው? ልጅ ወይስ የወንድም ልጅ? ምስክር የለም፤ አሻራ የለም፤ በስልኩ የተጻፈው በእናንተ ስም የተላከ መሆኑ ነው፤ ቁልፉን ማን እንደነካው አይናገርም። በሬ ቢጠፋ ዱካ ይኖረዋል። ቁጥሩን የነካው ሰው ግን ዱካ አይተውም። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ሊደርስ፣ ቤተሰብ ሊቀያየም ይችላል፤ ያልወሰደውም ልጅ በጥርጣሬ ይኖራል። ቁጥሩን እናንተ ብቻ ካወቃችሁት ግን ማንም አይጠረጠርም። አለመናገራችሁ ልጁንም ይጠብቀዋል። እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፤ ይገባዋል።

የታመመና አልጋ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የሚሻለው ብዙውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ በሕግ ውክልና መስጠት ነው። ስልኩ ላይ የዕለት ወጪ የሚሆን ትንሽ ብቻ ይተው። ይህን ለጤነኛውም እመክራለሁ። ስልክ ይወድቃል፣ ባትሪ ያልቃል፣ መስመር ይቋረጣል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ስልክም ባንክም ተቋርጦ የነበረበትን ወራት የቆቦ ሰው አይረሳም።

ቀጥሎ በስልክ የሚመጡ ሌቦች አሉ። ፊታቸው አይታይም፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነው። «ከቴሌ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ እንድናስገባልዎት የሚስጥር ቁጥርዎትን ይንገሩን» ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙ። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም። ሰው ሲልክላችሁ ዝም ብሎ ይገባል። የሚስጥር ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ሊወጣ ሲል ወይም ሒሳብ ሊታይ ሲል ነው። ስለዚህ «እንድሰጥዎት ቁጥርዎትን ይንገሩኝ» ያለ ሰው ሊሰጥ አይደለም፤ ሊወስድ ነው። ከቴሌም ሆነ ከባንክ እውነተኛ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። አንዳንዴም «አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላሉ። እሱም ቁልፍ ነው። አታንብቡለት። ዝጉት።

ሌላው ደግሞ የሐሰት መልእክት ይልካል። «5,000 ብር ገብቶልዎታል» ይላል ጽሑፉ። ወዲያው ይደውልና «በስህተት ነው የላክሁት፤ በእግዜር፣ በአላህ፣ ይመልሱልኝ» እያለ ያለቅሳል። ማንበብ መቻላችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መልእክቱ ከማን እንደመጣ ከላይ ተጽፏል። የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ይመጣል። ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ ከሆነ ውሸት ነው። ቢሆንም ራሳችሁ ገብታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ካልጨመረ አልገባም።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፍ ይቻላል ወይ? አንዳንድ ሰው ፈጽሞ አይቻልም ይላል። እኔ እንዲህ አጥብቄ አልልም። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ወረቀት፣ ስልኩ ላይ ካለ 1234 ይሻላል። መጥፎው ከስልኩ ሽፋን ሥር መክተት፣ ከባንክ ካርዱ ጋር ማሰር፣ ከግድግዳ ላይ በከሰል መጻፍ ነው። ከጻፋችሁም ቁጥሩን አትጻፉ፤ ነገሩን የሚያስታውስ አንድ ቃል ጻፉ። «የአማቴ ስጦታ» ብሎ የጻፈ ሰው ለራሱ ብዙ ተናግሯል፤ ላገኘው ሌባ ግን ምንም አልነገረም።

ብትረሱትስ? ገንዘቡ አይጠፋም። ደጋግማችሁ አትገምቱ፤ ይቆለፋል። መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ ፋይዳ ያላችሁም ፋይዳውን ይዛችሁ፣ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ማእከል ሂዱ፤ የባንክ ከሆነ ወደ ቅርንጫፉ። አዲስ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ የሚሰጣችሁን ቁጥር ግን ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላልና ወዲያው ለውጡት። ስልክ ቢጠፋባችሁ ወይም የማታውቁት ገንዘብ ቢወጣ፣ ከጎረቤት ስልክ ለቴሌብር ወደ 127፣ ለንግድ ባንክ ወደ 951 ደውላችሁ አሳግዱ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፏቸው ጉዳት የለውም። ሚስጥር አይደሉም።

የተማረ የልጅ ልጅ በትልቁ ስልክ ላይ ኢሜይል ወይም ፌስቡክ ከፍቶላችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያ የሚጠየቀው ረጅም ሚስጥር ነው። ቢል በር የተባለ የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያ በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. አንድ ደንብ ጽፎ ነበር። ፊደልና ምልክት ቀላቅሉ፣ በየጊዜው ለውጡ የሚል ነው። ዓለም ሁሉ ተከተለው። በ2017 ጡረታ ወጥቶ ሳለ በዚያ ደንብ እንደተጸጸተ ተናገረ። ሰዎች ተጨንቀው አንዷን ፊደል ብቻ እየለወጡ ይጠቀሙ ነበርና። በዚያው ዓመት የነበረበት መሥሪያ ቤት ምክሩን ለወጠ፤ የሚበልጠው ርዝመቱ ነው አለ። ስለዚህ የማይገናኙ አራት ቃላት አንድ ላይ ብታስቀምጡ ይበቃል። «መሰላል ቅቤ ግመል እሑድ» ዓይነት። ግመል መሰላል ላይ ስትወጣ በልባችሁ ሳሉ፤ አይረሳችሁም። አንዳንዱ ቦታ በላቲን ፊደል ብቻ ስለሚቀበል በዚያ ጻፉት። እሱም ለባንክ ከያዛችሁት የተለየ ይሁን፤ አንዱ ቢታወቅ ሁለቱ አብረው እንዳይሄዱ።

አሁን እርሳሳችሁን አንሱና ልምምድ እንሥራ። የመጀመሪያው ቃል ደገሊት ነው። ይህም የማሽላ ዘር ነው። በቁጥር ጻፉት። ጨረሳችሁ? ደ 1፣ ገ 1፣ ሊ 3፣ ት 6። መልሱ 1136 ነው። ሁለተኛው «ነጭ ማሽላዬ» ነው። ነ 1፣ ጭ 6፣ ማ 4፣ ሽ 6፣ ላ 4፣ ዬ 5። መልሱ 164645 ነው። ያልተስማማ መልስ ያገኘ ሰው ፊደል ገበታውን አውጥቶ ከግዕዝ ጀምሮ ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ሦስተኛውን ማታ ለብቻችሁ ሥሩት። የራሳችሁን ቃል ምረጡ፣ በቁጥር ለውጡት፣ ሦስት ጊዜ በልባችሁ በሉት። ከዚያ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨምሩት። ይህን የቤት ሥራ ለመምህር አታሳዩ፤ አላርመውም።

በሚቀጥለው ትምህርታችን የስልክ መልእክት አጻጻፍ እንማራለን። ደህና ሁኑ።